ጥቂት ሠራተኛ ያለው የከተማ ፕላን ክፍል ከሥራው ሁሉ የትኛውን ያስቀድም?
የአምቦና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ጕዳይ

የአንድ ነጋዴ ሀብት በመጋዘኑ ካለው ዕቃ ብቻ የሚቈጠር አይደለም። ሱቁ የቆመበት ቦታ፣ ዕቃው የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ፣ ደንበኛው የሚመጣበት ገበያና የአውቶቡስ መናኸሪያ ሁሉ የሀብቱ ክፍሎች ናቸው። የእነዚህንም ዕድል በአመዛኙ የሚወስነው የከተማው የፕላን ክፍል ነው። ይኸው ክፍል ግን በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች እጅግ ጥቂት ባለሙያዎች ይዞ እጅግ ብዙ ሥራ የተጫነበት መሥሪያ ቤት ነው። ሁሉን ሥራ በአንድ ጊዜ ለመሥራት የሚሞክር ክፍል ሁሉን በግማሽ ትቶ ይቀራል። ስለዚህ የትኛው ሥራ መቅደም፣ የትኛውም መቈየት እንደሚገባው መረዳት ለአስመጪውም፣ ለላኪውም፣ ለባለሱቁም የሚጠቅም ነው። ከዚህ በታች ጕዳዩ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ምሳሌነት ይብራራል።

የፕላን ክፍል ሥራ

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ለከተሞች ሁለት ዐይነት ፕላን ደንግጓል። አንደኛው መዋቅራዊ ፕላን ነው፤ ይኸውም ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሆኖ ከተማው በምን ያህልና ወደየት አቅጣጫ እንደሚያድግ፣ የመኖሪያው፣ የንግዱና የኢንዱስትሪው ቦታ የት እንደሚሆን፣ ዋና ዋና መንገዶች በየት እንደሚያልፉ ያሳያል። ሁለተኛው የአካባቢ ልማት ፕላን ሲሆን፣ የከተማውን አንድ ክፍል ለይቶ የውስጥ መንገዱን፣ የሕንፃውን ከፍታና የቦታውን አጠቃቀም በዝርዝር ይወስናል።

ፕላን መንደፍ ግን ከሥራው ጥቂቱ ነው። ባለሙያው ወሰን ይለካል፤ ችካል ይተክላል፤ ለጨረታ የሚቀርበውን ቦታ ያዘጋጃል፤ ሊሠራ የታሰበው ቤት ከፕላኑ ጋር መስማማቱን ይመረምራል፤ በወሰን የተጣሉ ጎረቤቶችን ይሰማል፤ ያለ ፈቃድ የተሠራውን ይቈጣጠራል፤ ለበላይ መሥሪያ ቤት ሪፖርት ይጽፋል፤ በስብሰባም ይቀመጣል። እነዚህ ሥራዎች በትልቅ ከተማ ለልዩ ልዩ ክፍሎች የተከፋፈሉ ናቸው፤ በትንሽ ከተማ ግን ብዙውን ጊዜ በእነዚያው በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ይወድቃሉ።

የሥራው ውጤት ደግሞ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታን በሊዝ ስለ መያዝ የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 721 አንድ ቦታ ለጨረታ ከመቅረቡ በፊት ከይገባኛል ክርክር ነፃ እንዲሆን፣ ከከተማው ፕላን ጋር እንዲስማማ፣ መሠረታዊ አገልግሎት እንዲደርሰው፣ ወሰኑም ተለክቶ መለያ ቍጥር እንዲሰጠው አዝዟል። ይኸው አዋጅ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉት ከተሞች ለንግድ የሚሰጠውን ቦታ የሊዝ ዘመን እስከ 70 ዓመት፣ ለኢንዱስትሪ የሚሰጠውን እስከ 80 ዓመት አድርጎ ወስኖ ነበር። ስለዚህ አንድ ባለሙያ በአንድ ጧት ተቻኵሎ የተከለው ችካል ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ውሳኔ ነው ማለት ነው።

በአንድ መንገድ ላይ የተሰኩ ከተሞች

አምቦ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከ110 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ትገኛለች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ ስትጠራ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ስሟን በመላ አገሪቱ ያስጠራው ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ ሲቀርብ የኖረው የማዕድን ውሃዋ ነው። በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤትም በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ደረጃ ደርሶ ለከተማይቱ ብዙ ተማሪና ብዙ ተከራይ አምጥቶላታል።

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ አምቦ 27,636 ነዋሪዎች ነበሯት፤ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ 48,171 ሆነዋል። ይህም በ12 ዓመት ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ከ100 ሰው 74 ሰው መጨመሩን ያሳያል። በእንዲህ ያለ ፍጥነት የሚያድግ ከተማ በ16 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ሕዝቡ እጥፍ ሲሆን ሱቁ፣ መጋዘኑ፣ የመኪናው ብዛትና የቦታ ጠያቂው ቍጥር አብሮ ይጨምራል፤ የፕላን ባለሙያው ቍጥር ግን በዚያው መጠን አይጨምርም።

ከአዲስ ዓለም ጀምሮ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ እንደ ዶቃ በአንድ ክር ላይ የተሰኩ ከተሞች ናቸው፤ ክሩም ይኸው የነቀምቴ መንገድ ነው። ነጋዴ መንገድ መውደዱ ተፈጥሮው ነውና ሱቁን፣ ምግብ ቤቱን፣ መጋዘኑንና ጋራዡን በመንገዱ ግራና ቀኝ ደርድሮአል። ስለዚህ ከተማው ወደ ጐን ሳይሰፋ በርዝመት ያድጋል። የሩቅ አገር ጭነት የያዘው ከባድ መኪና፣ ከገጠር እህል ጭኖ የመጣው አህያ፣ ባጃጁና እግረኛው ሁሉ በዚያው በአንድ መንገድ ይጋፋሉ። ከሱቆቹ በስተኋላ ያለው መሬት ግን መንገድ ሳይወጣለት በየቤቱ እየተቈራረሰ ይያዛል። አንድ ጊዜ ከተያዘ በኋላ በዚያ መንገድ ማውጣት ቤት ማፍረስ፣ ካሣ መክፈልና መካሰስ ነው።

የሥራ ቀን ስሌት

ጕዳዩን በቍጥር መመልከት ይበጃል። ለምሳሌ ያህል በአንድ ከተማ የፕላን ክፍል ሦስት ባለሙያዎች አሉ እንበል። ሦስት ሰው በሳምንት አምስት ቀን ሲሠራ 15 የሥራ ቀን ይሆናል። በየሳምንቱ 30 የግንባታ ፈቃድ ጥያቄ ቢመጣና እያንዳንዱ ግማሽ ቀን ቢወስድ 15ቱም ቀን በዚሁ ያልቃል። ለመንገድ ችካል፣ ለፕላን ክለሳ፣ ከሕዝብ ጋር ለመነጋገር አንዲት ሰዓት እንኳ አትተርፍም። ከቢሮ ውጭ ለሚመለከት ሰው ክፍሉ ሌት ተቀን የሚሠራ ይመስላል፤ ከተማው ግን በዚያው ጊዜ ያለ ፕላን እያደገ ነው።

ከእነዚህ 30 ጥያቄዎች ውስጥ 20ዎቹ ትንንሽ ምድር ቤቶች ቢሆኑና አስቀድሞ በታወቀ ደንብ በአንድ አንድ ሰዓት ቢታዩ ግን 20 ሰዓት፣ ማለት ሁለት ቀን ተኩል ይበቃቸዋል። የቀሩት 10 ጥያቄዎች በግማሽ በግማሽ ቀን አምስት ቀን ይወስዳሉ። በጠቅላላው ሰባት ቀን ተኩል ሲሆን የሳምንቱ ግማሽ ለሌላው ዐቢይ ሥራ ነፃ ይወጣል። አንድም ሠራተኛ ሳይጨመር፣ አንድም ብር በጀት ሳይታከል፣ በቅደም ተከተል ብቻ የሚገኝ ትርፍ ይህ ነው።

ሦስት መመዘኛ ጥያቄዎች

ክፍሉ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ሥራ ሁሉ በሦስት ጥያቄዎች ሊመዝነው ይችላል። የመጀመሪያው፣ ይህ ሥራ ዛሬ ባይሠራ ነገ ሊሠራ ይችላልን? የሚል ነው። የአደባባይ ጌጥ ዘንድሮ ባይሠራ ከርሞ ይሠራል፤ ለመንገድ የታሰበው ሜዳ ግን ዘንድሮ ቤት ከተሠራበት ከርሞ አይገኝም። ሁለተኛው፣ ይህን ሥራ የሚጠብቀው ስንት ሰው ነው? የሚል ነው። የአንድ ባለጕዳይ ሥራ ከመቶ ባለጕዳዮች ሥራ ሊቀድም አይገባውም። ሦስተኛው፣ ይህን ሥራ ከዚህ ክፍል በቀር ሌላ ሊሠራው ይችላልን? የሚል ነው። ካርታ መሳልን ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል፤ መንገዱ በየት እንዲያልፍ የመወሰን ኀላፊነት ግን ከከተማው ወደ ሌላ አይተላለፍም። በእነዚህ ጥያቄዎች የሚገኘው ቅደም ተከተል ቀጥሎ የተመለከተው ነው።

ሀ/ ሊመለስ የማይችለው ይቅደም

ድስት ከመጣዱ በፊት መጥኖ መደቆስ እንደሚገባ ሁሉ፣ ቤት ከመሠራቱ በፊት ለመንገድና ለጋራ መገልገያ የሚሆነውን መሬት መለየት ይገባል። ይህን ለማድረግ ብዙ ሠራተኛ እንደማያስፈልግ በሌላ አገር የተሠራ አንድ ምሳሌ ያሳያል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1807 የኒው ዮርክ ግዛት ሦስት ኮሚሽነሮች ሾሞ የኒው ዮርክን ከተማ የወደፊት መንገዶች እንዲወስኑ አደረገ። ከተማይቱ በዚያን ጊዜ ከ100,000 ያነሰ ሕዝብ ነበራት። የመሬቱን ቅየሳ በዋናነት የሠራው ጆን ራንደል የተባለ ወጣት ቀያሽ ከረዳቶቹ ጋር ነበር። በ1811 የወጣው ፕላን 12 ሰፋፊ ጐዳናዎችና 155 አቋራጭ መንገዶች ዘርዝሮ ስለ ሕንፃዎች መልክ ብዙም ሳይናገር አለፈ። ከዚያም ራንደል የመንገዶቹን መገናኛዎች ከ1,500 በሚበልጡ የእብነ በረድ ምልክቶች መሬት ላይ አጸናቸው። ከተማይቱ ወደ ሚሊዮኖች ስትደርስ ያደገችው በእነዚያው መንገዶች ላይ ነው።

ስሕተቱም ትምህርት ይሰጣል። ኮሚሽነሮቹ ለሕዝብ መናፈሻ በቂ ቦታ ስላላስቀሩ፣ ከ40 ዓመት በኋላ ሴንትራል ፓርክን ለማበጀት መሬቱን መግዛትና በላዩ የነበሩትን ነዋሪዎች ማስነሣት ግድ ሆኗል።

ይኸው አሳብ በኢትዮጵያም ተሞክሮአል። በ2005 ዓ.ም. በፕሮፌሰር ሽሎሞ ኤንጀል የሚመሩ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከከተማ ልማት ሚኒስቴር ጋር ሆነው በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ ሥራ ጀመሩ። ዘዴው ቀላል ነው። ከተማው በሚመጡት 30 ዓመታት የሚፈልገው መሬት ይገመታል፤ በዚያ መሬት ላይ ዋና ዋና መንገዶች በየ1 ኪሎ ሜትሩ ገደማ 30 ሜትር ወርድ እንዲኖራቸው ተደርጎ ይተለማሉ፤ ሊጠበቁ የሚገባቸው ክፍት ቦታዎችም ይለያሉ። የቀረው ዝርዝር በየጊዜው ይሟላል።

ይህ ምን ያህል መሬት እንደሚወስድ ማስላት አያስቸግርም። በየአቅጣጫው 1 ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት 100 ሄክታር ነው። በአራት ወገን በ30 ሜትር መንገድ ቢከበብ፣ እያንዳንዱ መንገድ ከጎረቤቱ መሬት ጋር እኩል ስለሚከፈል፣ ድርሻው 2 ኪሎ ሜትር መንገድ ወይም 6 ሄክታር ይሆናል። ከ100 እጅ 6 እጅ ብቻ ነው። በዚህም መሬት ላይ የሚኖርም ሆነ የሚነግድ ማንም ሰው ከዋና መንገድ ከ500 ሜትር በላይ አይርቅም። መንገዱ ዛሬ ካልተሠራ ገበሬው መሬቱን ማረሱን ሊቀጥል ይችላል፤ የሚወሰድበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ካሣው በሕጉ መሠረት በወቅቱ ሊከፈለው ይገባል።

በአምቦና በመንገድ ላይ በተሰኩት ከተሞች ሊቀድሙ የሚገባቸው ሥራዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ከዋናው መንገድ ጐን ለጐን የሚሄድ ሌላ መንገድ እንዲሁም ከባድ መኪናን ከከተማው ውጭ የሚያሳልፍ የዳር መንገድ የሚያልፍባቸውን መሬቶች መጠበቅ ነው። አንዳንድ ባለሱቆች የዳር መንገድ ደንበኛ ያሸሻል ብለው ይፈሩ ይሆናል። ወደ ወለጋ በቀጥታ የሚያልፈው ከባድ መኪና ግን ከሱቁ የሚገዛው ጥቂት ሲሆን የሚወስደው የመቆሚያ ቦታ ብዙ ነው። በአላፊ መንገደኛ የሚኖሩ የትንንሽ ከተሞች ምግብ ቤቶች ሥጋት ግን እውነት አለው፤ ስለዚህ መሬቱን መጠበቅና መንገዱን መሥራት ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸው ሊታወቅ ይገባል። የመጀመሪያው ዛሬ ካልተወሰነ ሁለተኛውን በማናቸውም ጊዜ ለመወሰን አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ምንጮችንና የወንዝ ዳርቻዎችን መጠበቅ ነው። የአምቦ ማዕድን ውሃ ከከርሰ ምድር ጋዝ ይዞ የሚወጣ የከተማይቱ ስምና እንጀራ ነው። በምንጭ አጠገብ ነዳጅ ማደያ፣ ጋራዥ ወይም የቆሻሻ መጣያ እንዲቆም አንድ ጊዜ ከተፈቀደ፣ ወደ መሬት የሰረገውን ዘይት መልሶ የሚያወጣ አዋጅ የለም። የሁሉቃ ወንዝ ዳርቻም እንዲሁ ቤት ከተሠራበት በኋላ ጐርፍ ሲመጣ የሚጐዳው በዳርቻው የሰፈረው ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ለገበያ፣ ለአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ለጭነት መኪና ማቆሚያ፣ ለቄራና ለቆሻሻ መጣያ የሚሆኑትን ቦታዎች መለየት ነው። ገበያ ከመናኸሪያ ሲርቅ የማጓጓዣው ዋጋ በጤፉና በስንዴው ላይ ይጨመራል፤ ያንን የሚከፍሉት ሻጩና ገዥው ናቸው።

የፕላን ዝርዝር መብዛቱ ብቻውን ከተማ እንደማይሠራ አዲስ አበባ ምስክር ናት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1965 ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ማርየን፣ በ1978 ሃንጋሪያዊው ፖሎኒ የከተማይቱን ፕላን አዘጋጅተዋል፤ ከእነርሱም በኋላ ሌሎች ተከትለዋል። እያንዳንዱ በከፊል ብቻ እየተፈጸመ በሌላው ተተካ። በመሬት ላይ የጸና ጥቂት መስመር በመደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ብዙ ወረቀት ይሻላል።

ለ/ ሕዝብን መስማት ከመጀመሪያው ሥራ ጋር ይሂድ

ሠራተኛ ያነሰው መሥሪያ ቤት ጊዜ ለማትረፍ ሲል መጀመሪያ የሚተወው ከሕዝብ ጋር መነጋገሩን ነው። የምዕራብ ሸዋ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ግን የዚህን ቍጠባ ዋጋ ያሳያል። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ አካባቢዎች አያይዞ የተዘጋጀው፣ በተለምዶ ማስተር ፕላን ተብሎ የተጠራው ፕላን ገበሬዎችን ያፈናቅላል የሚል ሥጋት ተቃውሞ አስነሣ። አምቦ ከተቃውሞው ዋና ሥፍራዎች አንዷ ነበረች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረትም ወደመ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በጊንጪ ከትምህርት ቤት መጫወቻ ሜዳና ከደን መሬት ጋር በተያያዘ የተነሣው ተቃውሞ ወደ ሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች ተስፋፋ። በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ እንዲቀር መወሰኑ ተነገረ።

የዚያ ዘመን ቅሬታ ከፕላን ሥራ የሰፋ ምክንያት ነበረው። ይሁን እንጂ ለፕላን ባለሙያውም ለነጋዴውም የሚሆን ትምህርት ይዟል። በወረቀት ላይ ትንሽ ነጥብ የሆነው ሜዳ ለሰፈሩ ልጆች መጫወቻ፣ ለሰፈሩ ሽማግሌዎች መሰብሰቢያ ነው። ገበሬው ስለ ማሳው ዕጣ የሚሰማው ከወሬ ከሆነ የሚያምነው ወሬውን ነው። ጠፍቶ ከማይመለሰው ከሰው ሕይወት በኋላ የተዘጋው ሱቅና የተቋረጠው መንገድ ሲቈጠር፣ በፕላኑ መጀመሪያ ላይ ለመነጋገር ሊጠፉ ይችሉ የነበሩት ቀናት እጅግ ጥቂት ናቸው።

የፕላን አዋጁም መዋቅራዊ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት አዝዟል። ጥቂት ሠራተኛ ያለው ክፍል ይህን በአነስተኛ ድካም ሊፈጽመው ይችላል። የመንገዱ መስመርና የተጠበቁት ቦታዎች በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ተስለው በገበያ ቀን በገበያው መካከል ቢለጠፉ፣ ሕዝቡ በሚነጋገርበት በአፋን ኦሮሞ ቢነበቡ፣ በየሰፈሩም አንድ አንድ ቀን ለጥያቄ ቢመደብ፣ ለአንድ ከተማ ከጥቂት የሥራ ቀናት በላይ አያስፈልገውም። በገበያ ቀን የማይመጣ ገበሬ የለምና ማስታወቂያው ከማሳው ባለቤት ዘንድ ይደርሳል።

ሐ/ የዕለቱ አገልግሎት በደንብ ይመራ

ፈቃድ ጠያቂው ሰው በበር ላይ ቆሞ ስለሚታይ ሥራው ሁልጊዜ አስቸኳይ ይመስላል። ይህን ሥራ ችላ ማለት አይገባም፤ ሱቅ የሚሠራ ነጋዴ አንድ ወር ሲጠብቅ የሲሚንቶው ዋጋ ይጨምርበታል፤ ኪራዩም ይቈጥርበታል። መድኀኒቱ ሥራውን ሁሉ በአንድ ዐይን አለማየት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ለይቶ ነበር። በምድብ ሀ የተመደቡት ምድር ቤት ብቻ ያላቸውና በተሸካሚዎቻቸው መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ናቸው። በምድብ ሐ የሕዝብ መገልገያዎች፣ ፋብሪካዎችና ከፍታቸው ከ12 ሜትር የሚበልጥ ሕንፃዎች ይገኛሉ። ምድብ ለ በሁለቱ መካከል ያሉትን ይይዛል። የዚህ አከፋፈል ጥበቡ የባለሙያ ጊዜ አደጋው ወደሚበዛበት እንዲውል ማድረጉ ነው። ለትንንሾቹ ቤቶች ደንቡ በበር ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ፣ ማመልከቻ መቀበያው ቀንና መልስ መስጫው ቀን ቢወሰን፣ ወረቀቱ ያልተሟላ ጥያቄ ወዲያውኑ ቢመለስ፣ የባለሙያው ሰዓት ለትልልቆቹ ሕንፃዎችና ለመንገዱ ችካል ይተርፋል።

ቍጥጥሩም እንዲሁ ነው። ሁለት ተቈጣጣሪዎች ከተማውን ሁሉ ሊዞሩ አይችሉም። ለመንገድ የተከለሉትን መስመሮች፣ የምንጮቹንና የወንዙን ዳርቻ በየሳምንቱ ቢመለከቱ ግን ሊመለስ የማይችለውን ጕዳት ይከላከላሉ። በሌላው ሥፍራ የተሠራ የአጥር ስሕተት በኋላ ሊታረም ይችላል።

መ/ የሚቈየውና በጋራ የሚሠራው

የአደባባይ ሐውልት ንድፍ፣ የግድግዳ ቀለም ደንብ፣ ግንባታ ለማይጠየቅበት ሰፈር የአካባቢ ልማት ፕላን ማዘጋጀት፣ እነዚህ ሁሉ መልካም ሥራዎች ሲሆኑ ለማቈየት የሚቻሉ ናቸው። የአካባቢ ልማት ፕላን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ግፊቱ በበዛበት፣ ለምሳሌ በገበያውና በመናኸሪያው ዙሪያ ነው።

የፕላን አዋጁ ከተሞች ፕላናቸውን ራሳቸው እንዲያዘጋጁ ወይም ፈቃድ ባላቸው የግል አማካሪዎች እንዲያስዘጋጁ ይፈቅዳል። ነገር ግን ፕላን በገንዘብ ሲገዛ አብሮ የማይገዛ ነገር አለ፤ እርሱም ፕላኑን በየቀኑ የሚያስከብረው ሰው ነው። ስለዚህ አማካሪው መጥቶ ሲሠራ አንድ የከተማው ባለሙያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮት ቢሠራ፣ አማካሪው ሲሄድ ዕውቀቱ በከተማው ይቀራል።

እንደ ጌዶ ወይም እንደ ጉደር ላሉት ከተሞች ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው ቀያሽና መሣሪያ ሊኖረው አይችልም። አንድ የቅየሳ ጓድ በዞኑ ከተሞች ተራ እየያዘ በየከተማው የተወሰነ ሳምንት ቢሠራ፣ የእያንዳንዱ ከተማ ዋና መንገዶች በተራቸው ችካል ያገኛሉ። ተራውም በግልጽ ታውቆ በየማዘጋጃ ቤቱ ቢለጠፍ የአንዱ ከተማ ሹም የሌላውን ተራ በምልጃ ሊወስድ አይችልም።

የነጋዴው ድርሻ

በዚህ ሁሉ ነጋዴው ተመልካች ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ቦታ ከመከራየቱ፣ ሕንፃ ከመግዛቱ ወይም ለሊዝ ከመጫረቱ በፊት ቦታው በፕላኑ ምን ተብሎ እንደተመደበና የመንገዱ ወሰን የት እንደሚያልፍ ሊጠይቅ ይገባዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተጀመረውና ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ሥራ እንዳሳየው፣ መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚነካው በመንገዱ ዳር የቆመው ሱቅ ነው። በአንድ ጧት የሚጠየቅ ጥያቄ የብዙ ዓመት ጥሪትን ሊያድን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱን አሟልቶ በተወሰነው ቀን ማቅረብ አለበት። ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ያልተሟላ ማመልከቻ የራሱን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የቆሙትን ሰዎች ጊዜ ይወስዳል። ሦስተኛ፣ ተራን በምልጃ ከመዝለል ሊታቀብ ይገባዋል። አንድ ባለሙያ የአንድን ሰው ጕዳይ ከተራ ውጭ ለመፈጸም የሚያጠፋው ቀን ከመንገዱ ችካል የተነጠቀ ቀን ነው፤ የመንገዱ ችካል ሲዘገይ ደግሞ በመጨረሻ የሚጐዳው ያው ነጋዴ ነው።

አራተኛ፣ ፕላን ለሕዝብ ሲቀርብ መገኘትና መናገር ይገባዋል። የጭነት መኪና የት እንደሚቆም፣ እህል በየት እንደሚገባ፣ የመጋዘን ቦታ ለምን እንደሚጠብ ከነጋዴ በላይ የሚያውቅ የለም። ባለሙያው በጥናት ብዙ ወር ፈልጎ የሚያገኘውን እርሱ በአንድ ስብሰባ ሊነግረው ይችላል።

በመጨረሻም የየከተማው ነጋዴዎች በማኅበራቸው አማካይነት ከማዘጋጃ ቤታቸው አንድ ነገር ቢጠይቁ ተገቢ ነው፤ ይኸውም የፕላን ክፍሉ በየዓመቱ መጀመሪያ የሥራውን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽፎ በበሩ ላይ እንዲለጥፍ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ዘንድሮ የሚሠራው፣ ለከርሞ የሚቈየውና የሚቈይበት ምክንያት ቢታወቅ፣ ባለጕዳዩ በከንቱ አይመላለስም፤ ባለሙያውም በመጣ በሄደው ትእዛዝ አይናወጥም። ጥቂት ሠራተኛ ያለው ክፍል ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ዛሬ ምን እንደማይሠራ በግልጽ ለመናገር መቻል ነው፤ ያን ጊዜ እሠራለሁ ያለውን በእርግጥ ይሠራዋል፤ ነጋዴውም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚተማመንበት ነገር ያገኛል።